አግዳሚው ፊት የተጠየቀችው ሴት

«እናቶች ለምን ይዋሹናል?» ብላ ለጠየቀች ወጣት አዋላጅ፣ ያስተማሯት ሴት እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከማግባቷ በፊት፣ ዘመድ ቤት ሳለች፣ አንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጁ አልተረፈም፤ እሷም ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው ከሞት የተመለሰችው። ይህን ባሏም አማቷም አያውቁም። ልጃገረድ ናት ተብሎ ነው የተዳረችው፤ ቢሰሙ በማግስቱ ወደመጣችበት ይሸኟታል።

በጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከአማቷ ጋር ተራ ስትጠብቅ አዋላጇ ብቅ አለች። ሥራዋን አሳምራ የምታውቅ ሴት ነበረች። ግን ጊዜ ለመቆጠብ ስትል ሁሉንም እዚያው በር ላይ ቆማ ትጠይቅ ነበር፤ ድምጿ ደግሞ አይጣል ነው።

«አንቺ! ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?»

አግዳሚው ሁሉ ጆሮ ሆነ። አማትየዋም ቀና አሉ።

«የመጀመሪያዬ ነው፣ ሲስተር።»

ምን ልትል ኖሯል?

ውሸቷ ግን እንቅልፍ ነሳት። ያን ደም ታውቀዋለች። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ብላ ወጣችና ጀሪካኗን አጥር ሥር ደብቃ ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያው መጣች።

«እባክዎ ሲስተር፣ ለብቻዎ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ።»

«ቀጠሮሽ ዛሬ ነው?»

«አይደለም፤ ግን…»

«እንግዲያው በቀጠሮሽ ቀን ነዪ። እኔ ስንቱን ልሁን?» አለችና በሩን ዘጋችባት።

በቀጠሮዋ ቀን መጣች፤ አማቷም አብረዋት መጡ። ምስጢሯን እንደያዘች ተመለሰች።

ምጧ ደርሶ ልጁ በሰላም ተወለደ። አማትየዋ እልልታውን አቀለጡት። ወዲያው ደሙ መጣ። አዋላጇ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ሆስፒታል ሄዳ እንድትወልድ ታደርጋት ነበር። አሁን ሆስፒታሉ ሩቅ ነው።

«ያኔም እንዲህ ነበር» አለች ወላዷ በደከመ ድምፅ።

«ያኔ መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?»

አምቡላንሱ ሲደርስ የሚወስደው ሬሳ ሆነ።

አዋላጇ ከቀብር መልስ «ዋሽታኝ እኮ ነው» እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር። ዛሬም ሳትል አትቀርም።

ልጄ፣ አንቺም የዚያችን አዋላጅ ጥያቄ ነው ይዘሽ የመጣሽው። በር ላይ ቆመሽ ስትጠይቂ እናቲቱ የምትመልሰው ለአግዳሚው ነው። እውነቱን ይዛ ብቻዋን የምትመጣው ምናልባት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን በሩን ከዘጋሽባት ይዛው ትቀበራለች። ትናንት በጤና ጣቢያው በኩል ሳልፍ ስትጠይቂ ሰምቼሻለሁ። እኔ የነበርኩት ከግቢው ውጭ፣ መንገድ ዳር ነው።