ጤነኛዋን ሞተር የገፉት ሐጂ

ነገሩ የሃያ አምስት ሺህ ብር ነገር ነው። ሰማንያ አምስት ሺህ የተባለች አሮጌ ሞተር ሳይክል በስድሳ ሺህ ተሸጠች፤ በመካከል የቀረው ገንዘብ የማን ነው? ጥያቄው ይህ ነበር።

ሐጂ ሙዘይን በአንዲት የቆየች የደጋ ከተማ የሚኖሩ የበርበሬና የጨው ነጋዴ ነበሩ። በአንድ ኩንታል ጨው ጀምረው ሁለት ሱቅ አቁመዋል። ዘካቸውን እስከ ሳንቲሙ ያሰላሉ፤ ዋጋ ሲከራከሩም ሻጩ ውሃ እስኪጠማው ድረስ ነው። ከሱቅ ሱቅ መመላለስ ለጉልበታቸው ሲከብድ አማቻቸው የሚነዳት ሞተር ሳይክል ሊገዙ ተነሡ። ሰማንያ አምስት ሺህ ብር በወገባቸው አሥረው፣ የሰፈራቸውን መስጊድ ሙአዚን በያንን አስከትለው፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ መንደር ሄዱ።

ሻጯ ረምላ ትባላለች። ባሏ ትንንሽ ልጆች ትቶላት ከሞተ ሁለት ወሩ ነው፤ ዒዳ ላይ፣ በሐዘን ጊዜዋ ስለሆነች ከቤት አትወጣም። በደጅ የተከራከረው ወንድሟ ኸድር ነው። ኸድር ሞተሩን አሥራ አምስት ጊዜ ረገጠው፤ አልነሣም። ያኔ ሐጂ ሙዘይን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሞተሩ ተቃጥሏል» አሉ። ዋጋው ወረደ። ጥቂት ቆይተው፣ «ይሄ ሬሳ ነው» አሉ። እንደገና ወረደ። ሦስተኛ፣ «ለብረቱ ብቻ ነው የምገዛው» ሲሉ ስድሳ ሺህ ላይ ተጨባበጡ።

የጭነት መኪና ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጠየቃቸው።

«ለሁለት ሺህ አምስት መቶ እኔም እጫናለሁ» አሉ ሐጂ። «መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ እንገፋታለን።»

«እንገፋታለን ሲሉ፣» አለ በያን፣ «ስንት ሰው ማለትዎ ነው?»

ሐጂ መሪውን ያዙ፤ በያን ከኋላ ገፋ። ስድስት ኪሎ ሜትር ሄደው የዙህር ሰላት ደረሰና ከአንድ ጅረት ዳር ታጥበው ዉዱእ ሊያደርጉ ቆሙ። እዚያ ሰው የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ ሞተረኛ እግሩን እያጠበ ነበር።

«አባባ ሐጂ፣ ምን አጥፍታ ነው እንዲህ የሚጎትቷት?»

«ሞታለች።»

ሞተረኛው እየሳቀ ቀረበ። ከቤንዚን ጋኑ ሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ በሁለት ጣቱ አዞረ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ረገጠ። በአራተኛው ሞተሩ ተነሣ። «ማንም አልገደላትም። ቤንዚኗ ተዘግቶ ነው። ነጂ ከሌላችሁ በሺህ ብር ቤታችሁ አደርስላችኋለሁ።»

«አላሁ አክበር!» አለ በያን፤ ድምፁ እንደ አዛን ሸለቆውን ሞላው። «ሐጂ፣ አላህ የሰጠዎ ሪዝቅ ነው!»

ሐጂ ሞተሩን አስጠፉና ሰገዱ። ካሰላመቱ በኋላ ግን ከመስገጃቸው አልተነሡም።

«ምነው ሐጂ? እነሱ አልዋሹ፣ እርስዎ አልዋሹ። ሽያጩ አልቋል።»

ይህን ክርክር ሐጂ ከበያን ቀድመው አስበውት ነበር። ጥሩ ክርክር ነው፤ ቃዲ ዘንድ ቢቀርብም የሚረታ ይመስላል። ወገባቸው ላይ የተረፈው ሃያ አምስት ሺህም ይሞቃል።

«በያን፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ሞተሩ መቃጠሉን ማን ነገረኝ?»

«ማንም።»

«ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። በእያንዳንዷ ቃል ከስምንት ሺህ ብር በላይ ወረደ። ኸድር እኔን ሽማግሌና ሐጂ ብሎ አመነኝ እንጂ ሞተሩን መርምሮ አልቀነሰም። ገንዘቡ አባት የሌላቸው የየቲም ልጆች ነው። ተነሥ፣ እንመለስ።»

«እሺ፣ ይህ ሰውዬ ይንዳታ!»

«ነገሩ እስኪለይ አትነዳም። የማን እንደሆነች ሳይታወቅ ብትወድቅ ለማን ነው የምከፍለው?» ወደ ሞተረኛው ዞረው፣ «አንተ ከዐስር ሰላት በኋላ ላይኛው መንደር ረምላ ቤት ና» አሉት።

ያን ስድስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ መለሷት። በያን መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ። «በሽተኛ ተሸክሜ አውቃለሁ። ጤነኛ ስሸከም የዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ዳገቱ ላይ የጫማው ሶል ተገንጥሎ ቀረ።

ረምላ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። «ባሌ ባቆማት ቁጥር ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ያዞር ነበር» አለች። «ቤንዚን ማንጠብጠብ ኢስራፍ ነው፣ ብክነት ነው ይላል። ምን እንደሚያዞር ግን ጠይቄው አላውቅም።»

ሐጂ ሃያ አምስት ሺሁን አውጥተው በመጋረጃው ሥር አኖሩ። «ሞተሯን መልሰሽ ብትወስጂም መብትሽ ነው፣ ልጄ።»

«ሞተሯስ ለእርስዎ ትሁን። ገንዘቡንም ዐውፍ ብያለሁ፤ ይዘውት ይሂዱ።»

«ዐውፍ የምትይው የራስሽን ነው። ልጆች ስላሉሽ የውርስ ድርሻሽ ከስምንት አንድ ነው። የእነሱን አንቺም እኔም አንነካም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። «እንግዲያው ስምንተኛዬ ሐላልዎ ይሁን።»

ሐጂ ቆጠሩ፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት ብር አንሥተው የቀረውን እዚያው ተዉት። ኸድር እስከ በር ሸኛቸውና፣ «ሐጂ፣ ለልጆቹ የምነግረው አንድ ቃል ይተዉልኝ» አለ።

«‹አላውቅም› ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ዳገት አልገፋም ነበር በላቸው።»

ገበያ ውስጥ ስንውል ውሸትን እንፈራለን፤ ደግ ነው። የማናውቀውን እንደሚያውቅ ሰው መናገር ግን ውሸት ስለማይመስለን በጢማችንና በጥምጣማችን ተመርኩዘን እንናገረዋለን። የሚያምነን ሰው ይከፍልበታል። ሐጂ ሙዘይን ይህን ያወቁት ገንዘቡ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው፤ ግን ቤታቸው ሳይገባ።

ሒሳቡም እንዲህ ወጣ። ሞተሯ ሰማንያ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አምስት፣ የሞተረኛው አንድ ሺህ፣ የበያን አዲስ ጫማ ስድስት መቶ፤ ድምሩ ሰማንያ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰባ አምስት። በሙሉ ዋጋ ገዝተው በመኪና ቢያስጭኗት ሰማንያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ይወጣ ነበር። ትርፍ፣ አራት ሺህ ሃያ አምስት ብር፣ ሐላል። ኪሳራ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ።