የሙታንን ድምፅ የሠራችው ሴት

አንድ ሻምበል መምህሩ ዘንድ መጥቶ፣ ጥይት ሳይተኩስ የጠላትን ልብ በሐሰት እንዲሰብር አለቃው እንዳዘዘው ነግሮ፣ ነገሩ ነውር አለው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም ይህን ነገሩት።

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው ከእኛ ፀሐይ ርቆ፣ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ በሚዞር ዓለም ላይ ነው። ወገኖቿ ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር መዋጋት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። የእነዚያ ፍጡራን መልካቸውም ደማቸውም የተለየ ነው፤ ቋንቋቸውን አጥርታ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሬዲዮ ንግግራቸውን ስታዳምጥ ትውላለች። ሲቀልዱ ሰምታቸዋለች፤ ለልጆቻቸው ሲያንጎራጉሩም።

አንድ ቀን አዛዡ አስጠራት። ጠላቶቻችን ሙታን ይጠሩናል ብለው ያምናሉ፤ ከያዝናቸው መልእክቶች የሟቾቻቸውን ድምፅ ሥሪልኝ አላት። ማንም አይሞትም፣ ፈርተው መሣሪያቸውን ያስቀምጣሉ፣ በቃ አላት። እሷም ደም መፋሰሱ ሰልችቷት ነበርና እሺ አለች።

መጀመሪያ የተሞከረው ብቻውን በሰማይ መርከብ ሆኖ ድንበር በሚጠብቅ አንድ ዘበኛ ላይ ነው። የሞተች እናቱን ድምፅ ሠርታ፣ «ልጄ፣ ይብቃህ፣ ወደ እኔ ና» አስባለቻት። ዘበኛው አለቀሰ። ከዚያ «መጣሁ እማዬ» አለና የመርከቡን በር ከፍቶ ወደ ባዶው ሰማይ ወጣ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

አዛዡ ግን ደስ አለው። በማግስቱ የሙታኑን ድምፅ ለከተሞቻቸው ሁሉ እንድታሰማ አዘዛት። ማሰራጫው ፊት ተቀመጠች፤ የተዘጋጀውን ትታ በገዛ ድምፅዋ፣ በእነሱ ቋንቋ ተናገረች።

«ጠላታችሁ ነኝ። ዘበኛችሁን የጠራችው እናቱ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሙታናችሁ ሲጠሯችሁ ብትሰሙ አትመኑ።»

አዛዡ ራሱ ከወንበሯ ጎትቶ አስነሣት። ወገንሽን ሸጥሽ አላት።

«ከፈለጉ እርስዎ ይዋጓቸው» አለችው። «እኔ ግን ዳግመኛ በእናታቸው አፍ አልናገርም።»

ታሰረች። ጦርነቱ ስድስት ዓመት ቀጠለ፤ ወንድሟም ጦር ሜዳ ሞተ። ዘመዶቿ ደሙ በእጅሽ ነው ብለው እስር ቤት መጥተው እሷን መጠየቅ ተዉ። አለቀሰች። በየዓመቱ ተጸጽቻለሁ ብለሽ ፈርሚ ትባላለች፤ አትፈርምም።

በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ደከሙ። አዛዡ የዕርቅ መልእክት ላከ፤ እነዚያ ግን የማንንም ድምፅ አላመኑም። ያቺ ሴት ከተናገረች እንሰማለን አሉ። አዛዡ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ለመናት። እሷም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ የዕርቁን ወረቀት አነበበችና፣ ውስጡ አንዲት ሐሰት ካለች ይህች ሐሰት ናት ብላ እንደምትነግራቸው ገለጸችለት። አዛዡ ወረቀቱን መልሶ ተቀበላት፤ ሁለት መስመር ሰረዘ። ያን ጊዜ ልትናገር ተነሣች።

መምህሩ ወደ ሻምበሉ ዞሩ። «አንተም እንደዚያች ሴት ነህ ልጄ። ጠላትህን ብትወጋው ሥጋውን ነው የምትወጋው። በእናቱ ድምፅ ከጠራኸው ግን እናቱን ትወስድበታለህ፤ ከዚያ ወዲያ አንተ የምትለውን ሁሉ ምን ብሎ ይመን? ዕርቅ ያማረህ ቀን በየትኛው አፍህ ልትጠይቀው ነው? አለቃህ ይቆጣ፤ ከፈለገም ይሰርህ። እምቢ በለው።»