አምስተኛዋ ረከዓ

በአላህ ስም ጀምሬያለሁ። ተናድጄ ነው የጀመርኩት፤ እሱም ያውቀዋል።

ስሟን ከጠራሁ «እኛ እንዲህ አይደለንም» ብሎ ዱላ ይዞ የሚመጣ ስለማይጠፋ ስሟን የማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ጡሃ የሚባሉ ግንበኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አላህን የሚፈሩ፣ ሐላልና ሐራምን እንደ ግንብ ማዕዘን ቀጥ አድርገው የሚለዩ ሰው ናቸው። እሳቸው አንድ ድንጋይ ሲያነሱ የቀሩት ድንጋዮች ተራቸውን ጠብቀው ይሰለፉላቸው ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም፤ የነገረኝም ሰው አላየም፤ ግን ሁለታችንም አምነናል።

ሐጂ ጉልበታቸው ሲከዳቸው በእጃቸው የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የመስጊዱ የውዱእ ቤት፣ ከሶላት በፊት መታጠቢያው። ጣሪያው ከድንጋይ በቅስት የሚሠራ፣ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ውዱእ የሚያደርግበት ሰፊ ቤት ነው። ይህን ሥራ ከነሠራተኞቹ ለእህታቸው ልጅ ለዙበይር አስረከቡት።

«አማና ነው፣ አደራ» አሉት። «ሕዝብ ከሥሩ ይገባል።»

ዙበይር ድንጋይ ያውቃል፤ ይህን አልነፍገውም። ግን ያ ሰውዬ ጉሮሮ ነበረው! ሲጮህ አራት መንደር አልፋ የታሰረች አህያ ገመድ ትበጥሳለች። እርጉዝ ላም ትወልዳለች፤ ያላረገዘችውም ታስብበታለች። «አንተ! ማን ጠየቀህ? እኔ እጅህን እንጂ አፍህን አልቀጠርኩም!» ይላል። ጠዋት ይለዋል፣ ቀትር ላይ ይደግመዋል። ሠራተኞቹ ከማቀርቀር ብዛት ከሚስቶቻቸው ፊት ይልቅ የገዛ ጫማቸውን ለመዱት። ግንቡ ደግሞ በየቀኑ ከፍ ከፍ ይላል፤ ዙበይርም «አያችሁ፣ ሰው የሚሠራው ሲፈራ ነው» እያለ ይንጎራደዳል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ዙሁር፣ አራት ረከዓ ማለትም አራት ዙር ቆመው የሚሰግዱበት የቀትር ሶላት፣ ሲደርስ ሥራው ቆሞ ሁሉም በጀማዓ አብረው ይሰግዳሉ። ኢማም ሆኖ የሚያሰግደው እሱው ዙበይር ነው። ኢማም ሰው ነውና ይረሳል። ሲረሳ ከኋላው ያለው «ሱብሃነላህ» ይለዋል፣ ኢማሙም ስህተቱን አውቆ ይመለሳል። ይህ የሶላት ሕግ ነው። ሱልጣን ቢያሰግድ እንኳ ከኋላው የቆመ የገዛ በረኛው ያርመዋል፤ ሱልጣኑም ተመልሶ አይገርፈውም።

አንድ ሐሙስ ሐጂ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሶላቱ ተጀምሮ ደረሱ፤ ዘግይተው የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ስለገቡ ስንት ረከዓ እንዳለፈ አያውቁም። ኢማሙ ሶላቱን በሰላምታ ሲዘጋ ያመለጠኝ ነው ያሉትን ሞልተው ጨረሱና ውሃ ሊጠጡ ወደ ጋኑ ሄዱ። እዚያ ሁለት ሠራተኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ።

«ዛሬ ዙሁርን አምስት ሰገድን» አለ አንደኛው፣ ሸምሱ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ።

«አንዷን ለነገ ይያዝልን!»

«ዝም በል፣ ከሰማህ ስድስት ያደርጋታል።»

የሐጂ ቅል ከእጃቸው ወደቀ።

«አምስት ነው ያልከው?»

ሸምሱ ዞሮ ሲያያቸው ፊቱ ነጣ። «አፉ ይበሉን ሐጂ…»

«አራቱን ጨርሶ ለአምስተኛ ሲቆም አይታችኋል?»

«አይተናል።»

«ሁላችሁም?»

«ሃያ ሦስታችንም።»

«ታዲያ ከሃያ ሦስት ሰው ሱብሃነላህ የሚል አንድ ምላስ ጠፋ?»

«አንድ ምላስ ነበረን ሐጂ» አለ ሸምሱ መሬት መሬት እያየ። «የይመር ነበረች። ባለፈው ወር ዙበይር ሲሳሳት ሱብሃነላህ አለው። ሶላቱ እንዳለቀ ‹በሰው ፊት አዋረድከኝ› ብሎ ድንጋይ እንዲፈልጥ ወደ ካባው ሰደደው። ከዚያ ወዲህ እኛም ምላሳችንን ቆልፈን ነው የምንሰግደው።»

ይመር የኖራ ሰው ነው። ኖራ በእሱ እጅ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እየጠጣ አርባ ቀን ይተኛል፣ ካልተኛ ግንብ ላይ አይጠነክርም፤ ከአርባ ቀን በፊት አንድ አካፋ የሚነካ ካለ ይመር አካፋውን ይሰብረዋል። ሐጂ ይህን ያውቃሉና ዙሁሩን ትተው ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ይመር ከሄደ ኖራውን ማን ያቦካል?»

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ቅል አነሳ።

«ቅስቱ በማን ኖራ ነው የተገነባው?»

ሸምሱ ቅሉን በእጁ አገላበጠ።

«ደጋፊ እንጨቶቹስ መቼ ይነሳሉ?»

«ዛሬ ይነሳሉ። ነገ ጁምዓ ስለሆነ ሕዝቡ ይግባበት ብሏል። አሁን ገመድ እያሰረ ነው።»

ሐጂ ተቆጡ። በሰባ ዓመታቸው እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም፤ ጥምጥማቸው ላይ ድስት ቢጣድ ሽንኩርት ያቁላላ ነበር። ዱላቸውን እየወዘወዙ ቅስቱ ሥር ገቡ። ዙበይር ደጋፊ እንጨቶቹን በገመድ አስሮ ጨርሷል፤ ሠራተኞቹም ተሰብስበዋል።

«ኖራው ደርቋል ወይ?» ብለው ጮኹባቸው።

«ደርቋል ሐጂ!» አሉ ሃያ ሦስቱም።

«ቅስቱ ይችላል ወይ?»

«ይችላል ሐጂ!»

ሐጂ አንድ ድንጋይ ከመሬት አንስተው ከፍ አደረጉ። «ይህስ አይብ ነው ወይ?»

«አይብ ነው ሐጂ!»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ድንጋዩን እንደያዙ ቀሩ። የገዛ ድምፃቸውን ሰሙት። የዙበይር ድምፅ ነበር፤ ወይም ዙበይር ድምፁን ከማን እንደወረሰው ገና አሁን ገባቸው። በጉልምስናቸው እሳቸውም እንዲሁ ይጮኹ ነበር፤ እድሜ ነው ያለዘባቸው። ያ ሁሉ ዘመን «ጥሩ ነው ሐጂ» ካሏቸው ሰዎች ስንቱ ጥሩ ያልሆነ ነገር እያየ ይሆን? በጩኸት የሚያገኙት «አይብ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጩኸቱን ተዉት። መስገጃቸውን ዘርግተው ከቅስቱ መሐል ሥር ቁጭ አሉ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው። «ደርቋል ብላችሁኛል። ጎትቱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

አንድ ሼኽ ይህን ስነግራቸው «ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ አይፈቀድም» ብለው ገሠጹኝ። ለሐጂ ንገሯቸው አልኩ፣ እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል።

ዙበይር በግድ ሳቀ። «አጎቴ፣ ይነሱ እንጂ፤ ሥራ አያስፈቱን።»

«ምነው፣ ቅስትህ አይችልም?»

«ይችላል!»

«እንግዲያው ጎትት።»

በሰው ፊት እንዴት ወደ ኋላ ይበል? ያ ኩሩ ልቡ! «ገመዱን ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ሃያ ሦስቱም ከልማድ ብዛት ያዙ። ገመዱ ተወጠረ። የመጀመሪያው እንጨት ሲጥ አለ፤ ከላይ የኖራ ፍርፋሪ የሐጂ ትከሻ ላይ ወረደ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«ሱብሃነላህ!»

ሸምሱ ነበር። ገመዱን ለቆ ነበር የጮኸው። ወዲያው ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፤ ሃያ ሦስት ሰው ገመድ ጥሎ «ሱብሃነላህ!» ሲል በከተማዋ ያለች ርግብ ሁሉ ተነሥታ ፀሐይዋን ጋረደቻት።

«ማነው መጀመሪያ ያለው?» ዙበይር አፈጠጠ።

«እኔ ነኝ» አለ ሸምሱ፤ ጫማውን አላየም። «ኖራው ዘጠኝ ቀን ነው የተኛው። ሁላችንም እናውቃለን።»

ዙበይር መሰላል ላይ ወጥቶ በድንጋዮቹ መካከል ጣቱን ሰደደ። ጣቱ ገባ። እስከ ትከሻው ነው የገባው የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ጣቱ ይበቃኛል። ሲወርድ ቁጣው ገና አልበረደም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አፋችንን መች ቀጠርክና?» አለው ሸምሱ።

ሐጂ ከመስገጃቸው ተነሡ። መጀመሪያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «እሱ ረስቶ ነው፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ የመርሳት ሱጁድ ይወርዳል፣ ይበቃዋል። እናንተ ግን እያወቃችሁ ተከተላችሁት፤ ዙሁራችሁን ድገሙ። እኔም ስንቱን እንዳገኘሁ አላውቅምና እደግማለሁ።» ከዚያ ወደ ዙበይር። «ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ አስተማርኩህ። ሰው ግን አንድ ቀን አላስተማርኩህም። ወንጀሉ የኔ ነው፣ አላህ ይማረኝ። ካሳው ግን ያንተ ነው። ሄደህ ይመርን ለምነህ አምጣ።»

«አጎቴ፣ ካልፈሩኝ ማን ይሠራል?»

«ሲፈሩህ ምን እንደሠሩ ጣትህን ጠይቃት።»

ዙበይር ካባው ድረስ በእግሩ ሄደ። ይመር መዶሻውን አላቆመም፤ ቀናም አላለም።

«ይመር፣ አፉ በለኝ።»

«እኔ አፉ ልልህ እችላለሁ» አለ ይመር ድንጋዩን እየመታ። «ኖራው ግን አፉ አይልህም።»

«ተመለስና አስተካክልልን።»

«እያዘዝከኝ ነው እየለመንከኝ?»

የዙበይር የአንገቱ ሥር የጀልባ ገመድ አክሎ አበጠ። ያችን ቁጣ የዋጣት አዋዋጥ፣ ግመል ከነጭነቷ ብትዋጥ ይቀላል።

«እየለመንኩህ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ መዶሻዬን ተሸከምልኝ።»

ቅስቱ ድንጋይ በድንጋይ ፈረሰ። ሐጂ ዙበይርን ከይመር ጉድጓድ አጠገብ፣ በይመር እጅ ሥር አቆሙት። ይመርም መልአክ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በሚያፈስ እንስራ ውሃ አስቀዳው፤ እንስራው ያፈስሳል ቢለው «እኔስ ካባ ውስጥ ላቤ ሲፈስ ማን አየልኝ?» አለው። በሁለተኛው ሳምንት ደህና እንስራ ሰጠው። ዙበይር ውሃ እያመላለሰ ይመርን ማየት ጀመረ። ይመር ከማዘዙ በፊት ይጠይቃል። አንዱ ሲያበላሽ ከግንቡ ጀርባ ወስዶ ለብቻው ይቆጣዋል፤ ቁጣው መራራ ነው፣ ግን ከሁለቱ ሌላ የሚሰማው የለም። ሲያመሰግን ግን የገበያው ሰው ሁሉ ይሰማል። ዙበይር ነገሩን ሁሉ ገልብጦ ነበር የያዘው፤ ቁጣው በአደባባይ፣ ምስጋናው በሆዱ።

ቅስቱ እንደገና ቆመ። ደጋፊ እንጨት የሚነሳበት ቀን የከተማው ሰው ጎረፈ፤ የከተማዋ ዳኛ ቃዲውም ነጭ ለብሰው መጡ። ሐጂ ሥራውን ለዙበይር መልሰው ራቅ ብለው ቆመዋል። ዙበይር ሠራተኞቹ ፊት ቆመ።

«ምን ታያላችሁ?» አላቸው።

ሃያ ሦስቱም ጫማቸውን አዩ። ፍርሃት እንደ ኖራ ነው፤ ከገባ በኋላ ቶሎ አይለቅም።

«ካያችሁት እሰማለሁ። ወላሂ እሰማለሁ።»

«የምዕራቡ ጥግ ገና ርጥብ ነው» አለ ሸምሱ።

የዙበይር ፊት ደም መሰለ። ቃዲው ቆመዋል፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ የመንደር አሽሟጣጭ ሁሉ ጥርሱን ስሎ ቆሟል። ሁሉም ጩኸቱን ጠበቀ፤ አህዮችም ሳይጠብቁ አልቀሩም። ዙበይር ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ሸምሱ ገና ነው ብሏል፤ ዛሬ አይነሳም። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ሸምሱን አመስግኑልኝ።»

ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። ከዚያ እንጨቶቹ ተነሡ፤ አንዲት ፍርፋሪ አልወረደችም።

ቃዲው ሐጂን «ያን ቀን ለምን አላባረሩትም?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤

«ከኋላው ያሉት የማያርሙት ሰው ፊት ቆሟል እንጂ አልመራም። መምራትን እንዲማር ፈለግሁ።»

ትርጉሙን እነግራችኋለሁ። ዛሬ የአለቃነት ሥልጠና አለ አሉ። አለቃው ሆቴል ገብቶ ሦስት ቀን ብስኩት ይበላል፤ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱን ከወንበሩ በላይ ይሰቅለዋል። ጸሐፊዋ ግን «ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ልትለው ስትገባ ለልጆቿ ኑዛዜ ትታ ነው። ሰው ማሠራት ማለት ማስበርገግ የሚመስለው አለቃ ሞልቷል፤ ሠራተኛው «ደርቋል ጌታዬ» ይለዋል፣ እሱም ደስ ብሎት ይፈርማል፣ ጣሪያው ሥር የሚገባው ግን ሌላ ሰው ነው። እኛም ዝም የምንለው አንሳቅ፤ እያየን አብረን ቆመን አብረን ነው የምንጎነበሰው፣ ገመዱም በእጃችን ነው።

አንተ አለቃ፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አላህ ፊት በተቆመበት ቦታ እንኳ ከኋላ ያለው ፊት ያለውን እንዲያርም ከታዘዘ፣ ያንተ ቢሮ ከመስጊድ በምን በልጦ ነው የሰው አፍ የሚዘጋበት?