እሳት ያላየ ቢላዋ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ጓሮ እንጂ እርሻ ያልነበራት። ድንቄ፣ «ልጆቼን በፍቅር አሳድጌ፣ ትልልቆቹ ለምን ደጄን ጠሉ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የማወራልሽ። ዝም ብለሽ ስሚ፤ እኔ አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም።

ይህች ሴት ስታገባ ከቤቱ ጀርባ የነበረው ድንጋይ ብቻ ነበር። ባልዋ ድንጋዩን እየለቀመ አጥር ሠራበት፤ እሷ የላሟን እበትና የምድጃውን አመድ እየተሸከመች አፈሩን አለሰለሰችው። መጀመሪያ ጎመን ተከሉ። ጎመኑ ሲይዝላቸው ሽንኩርት ጨመሩ፤ ዱባው አጥሩ ላይ ወጣ። እንሰት የደፈሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንሰት እንደ ጎመን አይደለም፤ ተክለሽው ስንት ዓመት ትጠብቂዋለሽ። እነሱም ጠበቁ፤ በየክረምቱ ጥቂት ችግኝ እያከሉ እስከ አጥሩ ደረሱ። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት የጓሮው በር ላይ ቆማ ስታየው፣ ከእንግዲህ ልጆቼ ጦማቸውን አያድሩም ትል ነበር።

አንድ ቀን፣ ከእንሰቶቹ ሁሉ በፊት የተከሉት የመሃል ቅጠሉ ጠወለገ። ባልዋ አየና፣ «ይሄ ታሟል፤ ነቅለን እንቅበረው» አላት።

«እጅህን አንሳ! ምንም በሌለን ጊዜ የተከልነውን? ቅጠሉን ብቆርጥለት ይድናል።»

«ቁረጪ እንግዲህ። ቢላዋውን ግን እሳት አሳዪው።»

በዚያ አገር የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ሌላውን አይነካም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እሷም ታውቃለች። ግን ምድጃዋ ዘንድ ጎረቤት አይታጣም፤ ቢላዋ ስትለበልብ ያየ ሁሉ «እነሱ ጓሮ በሽታ ገባ» ሊል ነው። የመንደሩ ሰው ችግኝ የሚለምነው ከሷ ነበር፤ ነገ ማን ይለምናታል? ስለዚህ የታመመውን ቅጠል ቆርጣ፣ ቢላዋውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ብልጭ አለ። ንጹሕ ነው አለች።

ከዚያ ወደ ደህናዎቹ ሄደች። የአንዱን ደረቅ ቅጠል ትቆርጣለች፣ ግንዱን ትዳብሳለች፣ ወደ ሌላው ታልፋለች። ጎረቤትዋ ከአጥር ማዶ አየቻትና፣ «አንቺ፣ ልትድሪው ነው እንዴ እንዲህ የምታሰማምሪው?» አለቻት።

«ምቀኛ! የራስሽን አሰማምሪ!»

ሁለቱም ሳቁ።

ክረምቱ ሲወጣ ቀጥሎ ያለው ጠወለገ። ከዚያ ከሱ አጠገብ ያለው። ሴትዮዋ ይብስ ተጨነቀች፤ ቢላዋዋን ይዛ ከታመመው ወደ ደህናው፣ ከደህናው ወደ ታመመው ሮጠች። ባልዋ አንዱን ግንድ ሲሰነጥቀው ቢጫ መግል የመሰለ ነገር ወጣው። ዘወር ብሎ በእጇ ያለውን ቢላዋ አየ።

«እሳት አሳይተሽዋል?»

ቢላዋውን በቀሚሷ ሸፈነችው። እንሰቱን ሁሉ እየነቀሉ ቀበሩት፤ ስንት ዓመት ያሳደጉትን በእጃቸው አፈር መለሱበት። ባልየው ለቀን ሥራ ከተማ ገባ። ልጆቹ ጎመን በልተው አደሩ፤ ጎመኑም አለቀ። እሷም ያን ጊዜ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ከተተችው፣ የሚቆረጥ ነገር ካለቀ በኋላ።

ድንቄ፣ ባልሽ በድሎሻል፤ ይህን አልክድም። የተበደልሽውን ግን ሽማግሌ ፊት አላወጣሽውም፤ ሰው ምን ይለኛል አልሽ። ፊትሽን ጠርገሽ ወደ ልጆችሽ ገባሽ። ጸጉራቸውን እያበጠርሽ፣ እያጎረስሽ፣ «አባታችሁ እንዲህ አደረገኝ» እያልሽ ለእያንዳንዳቸው አዳረስሽው። ፍቅርሽ ውሸት አልነበረም። የያዝሽው ግን ያው ቢላዋ ነው። ደጄን ለምን ጠሉ ትያለሽ? የሚያማቸው እዚያ ስለሆነ ነዋ! ይመለሳሉ ወይ ብለሽ ደግሞ እንዳትጠይቂኝ፤ ያ ጓሮ እስከ ዛሬ እንሰት አላበቀለም።

በይ ተነሺ። ትንሿ ልጅሽ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው። ዛሬ እንኳ «ራበሽ ወይ?» በያትና ሌላውን ዋጪው።