ያልለዘበው አቤቱታ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ቢያድግልኝ ይባላል። በአገረ ገዥው ግቢ በር ላይ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ሙሉ የተበዳዮችን አቤቱታ ጽፏል። ሰው ምንም ያህል ተቆጥቶ ቢመጣ ቁጣውን ያወጣና «እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ» የሚል ይተካበታል። ከጻፋቸው አቤቱታዎች አንዱም መልስ አግኝቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል ገበሬ መጣች። አገረ ገዥው የመንደሩን ምንጭ አጥሮ ለአትክልቱ ወስዶታል። ሰዉ የኩሬ ውኃ ሲጠጣ ሴት ልጇ ታማ ሞታባታለች። ጽፎ ሲጨርስ «እስቲ ያንብቡልኝ» አለችው። አነበበላት።

«ይሄ የኔ ቃል አይደለም» አለች። «እኔ መች ለመንኩ? ልጄን ገደላችኋት ነው ያልኩት። እንደሱ ብለው ይጻፉልኝ።»

«እንደሱ ከተጻፈ ይቆጣሉ፣ እትዬ።»

«እነሱ ይቆጣሉ። እኛስ?»

ቢያድግልኝ በገዛ እጁ ያፈነው የሃያ ዓመት ብሶት ታወሰው፤ በራሱ ተናደደ። ወረቀቱን ቀደደና በሌላ ላይ ጻፈ፦ «ምንጩ የኛ ነበር። አጥራችሁ ወሰዳችሁት። ልጄን ገደላችኋት። ምሕረት አልጠይቅም፤ ውኃችንን መልሱ።»

ዘበኞቹ አንቀበልም አሉ። እሱም ገበያ ወጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። አንድ ሸማኔ ሥራውን ትቶ ቆመ። «ይሄኮ የኔ ጉዳይ ነው» አለ፤ ያው የኩሬ ውኃ የገደለውን ወንድሙን የቀበረው በዚያው ሰሞን ነበር። ማንበብ የሚችሉት እየገለበጡ ወሰዱት። በሳምንቱ ያልተነበበበት መንደር አልነበረም።

አገረ ገዥው ቢያድግልኝን አስያዘው።

«ምን ጨምረህበት ነው ሰዉ እንዲህ የተነሳው?»

«ምንም አልጨመርኩም። መቀነሱን ነው የተውኩት።»

አርባ ተገረፈ። በማግስቱ ሰዉ በአንድነት ወጥቶ አጥሩን አፈረሰ፤ ወታደሮቹም እናቶቻቸውን ከፊት አይተው አልተኮሱም። አገረ ገዥው በጓሮ ሸሸ። ምንጩ ወደ መንደሩ ተመለሰ። የአትጠገብ ልጅ ግን አልተመለሰችም።

ቁጣውስ ድሮም በየቤቱ ነበር፤ ሁሉም የራሱ ብቻ እየመሰለው ዋጠው እንጂ። እውነት ሳይለዝብ በተጻፈ ቀን ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ያን ያወቀ ሕዝብ ደግሞ ተመልሶ አይቀመጥም። ብዕር የያዝክ ወዳጄ፣ ሰዉ የነገረህን ለማለዘብ ስትደክም ስንት ሰው ተቀበረ?