ቤት ከዳኙ ጉሬዛና የእመት ጃርት ሽምብራ

እናንተ ልጆች፣ ጸጥ በሉና ስሙኝ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም፣ ቤት ያላችሁ እናንተ ናችሁ። በድሮ ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አንድ አገር፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው ጎጆ ቀልሰው፣ በሣር ከድነው፣ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር።

በዚያ አገር አንድ ጉሬዛ ነበረ። ጉሬዛን አይታችሁታል? ጥቁር ሆኖ ከትከሻው ላይ ነጭ ካባ የደረበ የሚመስለው ነው። ካባውን ያየ ሁሉ ትልቅ ሰው ይመስለዋል፤ ይሄን ደግሞ ጉሬዛው ራሱ አሳምሮ ያውቃል። እጁ ሥራ አይወድም፣ አፉ ግን ማር ነው። ክረምት ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ካባውን አራግፎ “ቤት ከዳኝ ነኝ” እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ደግሞም ይዘፍናል፦

“ላይ ላዩን ለእኔ ተዉት፣
ታች ታቹን እናንተ ኑሩበት!”

መጀመሪያ ከሚዳቋ ደጅ ደረሰ።

“እትዬ ሚዳቋ፣ እንደምን ዋሉ? ጣሪያዎን ከሩቅ ባየው ጊዜ አንጀቴ ተላወሰ። እስቲ ወጣ ብዬ ልይልዎት፤ ማየቱ በነጻ ነው።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጉሬዛ” አለች የዋሂቱ።

ሽቅብ ዘለለ፤ ጣሪያው ላይ ጉብ አለ፤ “ወዮ! ወዮ! ወዮ!” አለ። ከወንዝ ዳር ለቅሞ ከካባው ሥር የሸሸገውን የበሰበሰ ሣር መዘዘና ወደ ታች ወረወረላት። “ይኸው በስብሷል! በመጀመሪያው ዝናብ ላይዎ ላይ ይወርዳል!”

ሚዳቋ ምን ታድርግ? በሰኮናዋ ጣሪያ አትወጣ። ደንግጣ የክረምት ስንቋን ቀድማ አስረከበችው። እሱም ደህናውን ክዳን ነጭቶ ጣለና “አዲስ ሣር ይዤ መጣሁ” ብሎ ሄደ። እንደ ሄደ ቀረ። በጠየቀችው ቁጥር “ሣሩ ገና አልደረቀም” ይላታል።

ቀጥሎ ከከርከሮ ደጅ ሄደ። ሽቅብ ዘለለ፤ ጣሪያው ላይ ጉብ አለ፤ “ወዮ! ወዮ! ወዮ!” አለ። ከርከሮም ያን የሚያህል ጥርስ ይዞ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ስንቁን ሰጠ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ጣሪያው ተነጨ፤ ሣሩም “ገና አልደረቀም።”

በመጨረሻ ከእመት ጃርት ደጅ ደረሰ። እመት ጃርት ባሏ የሞተባት፣ በቅርቡ የወለደች ናት። የልጆቿ እሾህ ገና አልጠነከረም፤ ብርድና ዝናብ ካገኛቸው አይተርፉም። ክረምቱን የምታሳልፍበት አንድ ጎታ ሽምብራ አላት፣ ከዚያ ሌላ የላትም።

ሽቅብ ዘለለ፤ ጣሪያው ላይ ጉብ አለ፤ “ወዮ! ወዮ! ወዮ!” አለ። “እመት ጃርት፣ ልጆችዎን ያውጡ! ይሄ ጣሪያ ዛሬ ነገ ሳይል ይጫናቸዋል! ሽምብራውን ወዲህ ይበሉ እንጂ ሥራው በእኔ ይሁንብዎት።”

ልቧ ራደ። ልጅ ያላት እናት በልጆቿ ሲመጡባት እንዴት አትርድ? “እስቲ ነገ ይምጡ” አለችው። እሱ ዞር ሲል ወደ ሚዳቋ ሮጠች።

“እኅቴ፣ ያንቺ ጣሪያ ድሮም ያፈስ ነበር?”

“ኧረ ጠብታ አይቼበት አላውቅ! ያፈሰሰው እሱ ከነካው ወዲህ ነው” አለች ሚዳቋ።

“እንዲያ ነው?” አለች እመት ጃርት፤ እሾኋ ሁሉ ቆመ። በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ወደ አባ ኤሊ ሄዳ ያሰበችውን ዘዴ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ጉሬዛ እየዘፈነ መጣ። አባ ኤሊ ከደጃፉ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ መንሽ መንሹን ይዞ ቆሟል።

“አያ ጉሬዛ፣ እንዳሉት ይሁን” አለች እመት ጃርት። “ጎታው እንዳለ የእርስዎ ነው። አባ ኤሊ ይመስክሩ።”

“መስክሬያለሁ” አሉ አባ ኤሊ።

ጉሬዛ ምራቁን ዋጠ። “እንግዲያው ይዤው ልሂዳ!”

“ይወስዱታል እንጂ! ጣሪያው አልቆ አንድ ዝናብ ሲፈትነው ይወስዱታል። እስከዚያው፣ በሰበሰ ካሉት ከዚያው ሥር የጎታውን አፍ ከፍቼ አስቀምጬልዎታለሁ። ልጆቼን ጎረቤት አስጠግቻለሁ። ይኸው ደቦም ጠርቻለሁ፣ አሁኑኑ ጣሪያውን ሊያወርዱልዎት ነው። ሣሩን ያምጡ!”

“ሣሩ ገና አል...” ብሎ ሳይጨርስ ሰማዩ ጓ! አለ። ደመናው ጠቆረ። ከርከሮ መንሹን አነሣ። “በሉ እንንጨው! በሉ እንንጨው!”

ጉሬዛ ሰማዩን አየ። መንሹን አየ። ውሃ የነካው ሽምብራ ምን እንደሚሆን ታየው።

“ተዉ! አትንኩት! ሽምብራዬ!”

“የበሰበሰ ጣሪያ አይደል? ምን አሳሳዎት?”

“ማን በሰበሰ አለሽ! እንደ ድንጋይ የጠና ነው! የልጅ ልጆችሽ ይኖሩበታል! እኔው ራሴ ወጥቼ አይቼዋለሁ!”

ጉሬዛ የተናገረው ለራሱም ተሰማው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

አባ ኤሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጣሪያው ደህና ከሆነ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ዋጋ የለም። ሽምብራው የእናቲቱ ነው። አንተ ደግሞ የሚዳቋንና የከርከሮን ስንቅ ትመልሳለህ፤ የነጨኸውንም ትከድናለህ።” ጎረቤቱ ደረቅ ሣር አዋጣ። ዝናቡም ዶፉን አወረደው፤ ጉሬዛ ያ ነጭ ካባው ጭቃ መስሎ ከጣሪያ ጣሪያ ሲከድን ዋለ፤ ከርከሮ ከታች ሆኖ በጥርሱ ይጠብቀዋል።

እመት ጃርት ልጆቿን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ሚዳቋንም ጣሪያዋ እስኪያልቅ ከእነልጇ አስገባቻት። ሽቅብ አንጋጠው ሲያዩ አንዲት ጠብታ የለም። “እፎይ! ተመስገን!” አሉ። እኔም እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ አብሬያቸው እፎይ እላለሁ። ልጆቹ ዝናቡን እየሰሙ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዝናብ ሳይዘንብ ዋጋውን የሚቀበል ቤት ከዳኝ የለም። እኔ ሰምቼ አወረስኳችሁ፤ እናንተም ቤት ስትሠሩ አስታውሱት፦

ቤት ከዳኝን በቃሉ አትመነው፣ ዝናብ ሳይፈትነው።