ውዱ ፕሮግራም

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ጋሽ ይመር ይባላሉ። የአገራቸው ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን እንዴት እንደሚያስታርቁ ከራሳቸው አንደበት እየሰሙ በኮምፒውተር ይጽፋሉ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ ቃላቸው ከዚያ ኮምፒውተር በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም።

የእህታቸው ልጅ ዘምዘም ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ከደንበኞቿ ሁሉ ትዕግስቷን የሚጨርሱት እኚሁ አጎቷ ናቸው። የሚጽፉበት ፕሮግራም በውድ የሚሸጥ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ብዙዎቻችን አልገዙትም፣ ክራኩን፣ ማለት ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ቅጂ፣ ከሰው ፍላሽ ገልብጠው ነው የሚጠቀሙት። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይቆለፋል፣ ዘምዘምም በየጊዜው ትጠራለች።

«ጋሼ፣ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም አለ እኮ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ውሰዱት ብለው የሰጡት ነው።»

«ነጻ ነገር ምን ዋጋ አለው! እኔ ትልልቅ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ነው የምፈልገው።»

«ትልልቆቹማ ከፍለው ነው!»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ።»

ቢቸግራት አንድ ቀን ነጻውን ጫነችና ምልክቱን በውዱ ምልክት ቀየረችው። «አዲሱ ነው» አለቻቸው። ጋሽ ይመር ክረምቱን ሙሉ ያለ እንከን ጻፉበት። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ኮምፒውተሩ ፊት እያስቀመጡ «አያችሁ? ውድ ነገር ውድ ነው!» ይላሉ።

አንድ ወዳጃቸው ግን ስክሪኑን አየት አድርጎ ሳቀ። «ይሄማ በነጻ የሚታደለው ነው!»

ጋሽ ይመር ዘምዘምን አስጠሩ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ! አሁኑኑ አጥፊልኝ።»

«ክረምቱን ሙሉ ሲያመሰግኑት አልነበር?»

«ሳላውቅ ነዋ!»

ዘምዘም በጣም ተናደደች። የተጻፈውን በራሷ ፍላሽ ቀዳች፣ ፕሮግራሙን አጠፋች፣ «ክራክ ግን እኔ አልጭንም» ብላ ወጣች።

ክራኩን ሌላ ሰው ጫነላቸው። በዚያው ሰሞን የሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ ሼህ እንድሪስ፣ ለማንም አውርተውት የማያውቁትን የገዳይና የሟች ወገን እርቅ ከሥር መሠረቱ አጫወቷቸው። ጋሽ ይመርም ቃል በቃል ጻፉት። ሼሁ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ከክራኩ ጋር ተደብቆ የገባ ቫይረስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ቆለፈው።

ዘምዘም መጥታ ፍላሿን ሰካች። እስከ ክረምቱ መጨረሻ የተጻፈው ሁሉ ምንም ሳይጎድል ተከፈተ።

«የሼህ እንድሪስስ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«እሱ ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነው።»

«መልሰሽ ማውጣት አትችዪም?»

«አልችልም ጋሼ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ማንን እንደሚቆጡ ግን ጠፋቸው።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። የዚህ መከራ ክፋቱ፣ ያልሰሙት አንድ ሰው ሆነው የጎደለው የአገሩ ሁሉ መሆኑ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል፤ ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ፣ በደግነት የተሰጠንን ንቀን በሰረቅነው እንኮራለን። ዕቃ የሚከበረው በሚሠራልን ሥራ ነው፤ የዋጋው ትልቅነት ሥራችንን አይጠብቅልንም።

እስቲ እርስዎም ዛሬ የሚጽፉበትን ፕሮግራም ልብ ብለው ይዩት። ነገ ጠዋት ቢቆለፍ፣ የማን ቃል አብሮት ይቆለፋል?